የጨመርኩት ጭብጨባ

ገና በሠላሳ አራት ዓመቱ የሥራ ዘመኑን ትዝታ የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ ይቅርታ መጠየቅ ይኖርበታል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ጡረታ የወጡ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ኋላ የሚመለከቱ ሰዎች ድርሻ ነው። ሆኖም ሰው በዕድሜ ብቻ ሳይሆን ከሙያም ጡረታ ሊወጣ ይችላል። እኔ አሥራ አንድ ዓመት የኖርኩበትን የድምፅ ቀረጻ ሥራ ትቼ፣ ዛሬ በዚሁ በቆቦ የችሎት ድምፅ ገልባጭ ሆኛለሁ፤ ምስክሮች የተናገሩትን ከቅጂ እየሰማሁ ቃል በቃል ወደ ጽሑፍ እለውጣለሁ። የስቱዲዮውን ቁልፍ ያስረከብኩ ዕለት መምህሬ አያ ይመር፣ "በል እንግዲህ፣ የሠራኸውን ጻፈው። ያበላሸኸውን ግን አስቀድም" አሉኝ። ትእዛዛቸውን በሙሉ አልፈጸምኩም። ያበላሸሁት ነገር የሚገባው ከሠራሁት መካከል ሲቀመጥ ነውና ከመጀመሪያው እነሳለሁ።

የመጀመሪያ ቀጣሪዬ እትዬ ዘነቡ ናቸው። ከመናኸሪያው በር ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ሱቃቸው በስልክ ሜሞሪ ዘፈን እየጫኑ ይሸጣሉ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ የዩኒቨርሲቲ ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጡኝ። ደንበኛ ሲጠፋ መጽሐፍ ስለማነብ፣ ለቀልዳቸውም ቶሎ ስለማልስቅ፣ "ዳኛው" የሚል ስም አወጡልኝ፤ መናኸሪያውም ያለ ይግባኝ አጸደቀው። ደመወዙ ትንሽ ነበር፣ የቅጥር ወረቀትም አልነበረም፤ ስለሁለቱም ከዚህ በላይ አልጽፍም።

በዚያ ሱቅ የተማርኩት አንድ ነገር በኋላ ላጠፋሁት ጥፋት መነሻ ስለሆነ በዝርዝር ላስረዳ። በሱቁ በር ላይ አንድ ትልቅ ሞንታርቦ ቆሟል። በገበያ ቀን ከየቀበሌው የመጣው ገበሬ የዘፋኙን ስም አይጠይቅም፤ ሞንታርቦው ፊት ቆሞ ያደምጣል። እትዬ ዘነቡ በዚህ ጊዜ የደንበኛውን ፊት አያዩም። እጁን ነው የሚያዩት። በራያ ዘፈን ብቻውን አይዘፈንም፤ ተቀባይ ይቀበለዋል፣ እጅ ይመልስለታል። ሁለተኛው ስንኝ ሳያልቅ የሰውየው መዳፎች ከተገናኙ ዘፈኑ ተሸጧል ማለት ነው።

"ፊት ይሉኝታ ያውቃል፣ ዳኛው" ይሉኝ ነበር። "እጅ ግን አያውቅም። እጁ ከተነሳ ስልኩን ተቀበለው።"

አንድ ቀን ሁለት እጇ የሽንኩርት ቅርጫት የያዘች ሴት ቆማ ሰማችና በእግሯ መሬቱን መታች። ግራ ገብቶኝ ወደ እትዬ ዘነቡ ዞርኩ።

"ምን ታየኛለህ?" አሉ። "እግርም ይቆጠራል።"

ሕጉ አሳስቷቸው አያውቅም ነበር። ኔትወርክ በተቋረጠባቸው ወራት፣ ከተማው ዘፈን የሚያገኝበት ሌላ በር ባልነበረው ጊዜ፣ እጅ እያዩ ብቻ ምን እንደሚፈለግ ያውቁ ነበር። እኔም አራት ዓመት ሙሉ እጅ ሳይ ኖርኩ።

ወደ ስቱዲዮ የወሰዱኝ አያ ይመር ናቸው። የሱቁን ሞንታርቦ ሊጠግኑ መጥተው፣ ሽቦ እየበየዱ ከወዲያ ሆነው ሲያዩኝ ቆዩና፣ "ይሄ ልጅ ሲሰማ አፉን ይዘጋል" አሉ። "ዘነቡ፣ ስጪኝ።"

"ውሰደው። ገበያዬን በፊቱ ሊያባርርብኝ ነው" አሉ እትዬ ዘነቡ።

አያ ይመር በወጣትነታቸው የኪነት ቡድን ድምፅ ባለሙያ ነበሩ፤ ከዚያ ሬዲዮ ጠጋኝ ሆኑ፤ በመጨረሻ ከእህል በረንዳው ጀርባ ባለች ክፍል ስቱዲዮ ከፈቱ። የከተማ ስቱዲዮዎች ግድግዳቸውን በስፖንጅ ይሸፍናሉ። እሳቸው የጤፍ ጭድ በጆንያ እያስሞሉ ከወለል እስከ ጣሪያ ደርድረዋል። ጭድ ድምፅን ይውጣል፤ አይመልስም። ችግሩ አይጥ መጥራቱ ነው፤ ስለዚህ በየዓመቱ ከውቂያ በኋላ ጆንያዎቹን እየገለበጥን በአዲስ ጭድ እንሞላለን። ቆርቆሮው በሙቀት ሲለጠጥ ጠሽ እያለ ቅጂ ስለሚያበላሽ በላዩ የማሽላ አገዳ ረብርበንበታል። የምንቀርጸው በአብዛኛው ከዙህር ሶላት በኋላ ነው፤ በዚያ ሰዓት አዛኑ አብቅቷል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ገና ነው፣ ከተማውም በሙቀት ያንቀላፋል። ቬንትሌተር ስለሚያጉረመርም አይከፈትም። ዘፋኝ ሆኖ ከዚያ ክፍል ደረቅ ሸሚዝ ይዞ የወጣ አላየሁም።

የአያ ይመር ልማዶች ጥቂት ነበሩ፤ ግን አንድም ቀን አልተጓደሉም። ዘፋኝ ሲመጣ አያዘፍኑትም። "መጀመሪያ ንገረኝ" ይሉታል። የሚዘፍነውን እንደ ወሬ ተቀምጦ እንዲያወራላቸው ይጠይቃሉ። መንገር ካቃተው በሰላም ይሸኙታል። ሲቀረጽ ጀርባቸውን ለዘፋኙ ሰጥተው፣ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ያደምጣሉ። ሥራው ሲያልቅ ደንበኛቸው በሆነው በኑሩ ባጃጅ ተሳፍረው ከመናኸሪያ እስከ ገበያ እየሄዱ ይሰሙታል። የምስጋናቸው ጣሪያ "ይሁን" የምትል አንዲት ቃል ናት። በመጨረሻም ምንም ሳይነካ የተቀረጸውን የመጀመሪያውን ቅጂ በፍላሽ ገልብጠው፣ ፍላሹን በነጭ ክር አስረው መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጣሉ።

"የሠራነው የእኛ ነው" ይሉ ነበር። "ይቺ የሰውየው ናት።"

ሠርገኞችን፣ የመንዙማ ቡድኖችን፣ የትምህርት ቤት መዝሙሮችን ቀርጸናል። አንድ ጊዜ ከአፋር በኩል የመጣ ነጋዴ በሞንታርቦ የሚነገር የጠፋ ግመል ማስታወቂያ እንድንቀርጽለት ጠየቀን። ቀረጻው ሳያልቅ ግመሉ መገኘቱ ተነገረው። ሰውየው ግን አልተነሳም፤ "ጨርሱት" አለን። "የግመሌን ጸባይ አውቀዋለሁ።"

መምህር ፈንታው የመጣው በሰባተኛ ዓመቴ ነው። በአቅራቢያችን ባለችው ሮቢት ከተማ የሒሳብ መምህር ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገር ሰው ወደ እሱ ጎንበስ የሚልለት ዓይነት ድምፅ ያለው። ጊታሩን በጆንያ ጠቅልሎ በሚኒባስ ይዞ መጣ።

"ምን ትዘፍናለህ?" አሉት አያ ይመር።

"ለስላሳ ሮክ ይሉታል፣ አያ።"

"ሮክ ማለት ድንጋይ አይደለም እንዴ? ለስላሳ ድንጋይ የት አገኘህ?"

"ጎሊና ውስጥ ሞልቷል" አለ ፈንታው። "ውሃ ያለሰለሰው።"

አያ ይመር ወንበር ሳቡለት። "በል፣ ንገረኝ።"

ነገራቸው። አንድ ሰው ወደሚወዳት ሴት ሲሄድ ጎሊና ወንዝ ከላይ ዘንቦበት ሞልቶ ይጠብቀዋል። እሷም ልትቀበለው ወጥታ ማዶ ቆማለች። የውሃው ድምፅ ስለሚበልጥ መነጋገር አይችሉም። ውሃው እስኪጎድል ቆመው ይተያያሉ። ዘፈኑ ይኸው ነው።

ውሃው እስኪጎድል ከዳር ቆሜአለሁ፤
ከማዶ ቆመሻል፣ ዝም ብዬ አይሻለሁ።

ዘጠኝ እንዲህ ያሉ ዘፈኖች ነበሩት፤ ሁሉም በጊታርና በእሱ ድምፅ ብቻ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ያለውን ነገር ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። "ከልጅነቴ ጀምሮ በየሠርጉ 'ያንተ ድምፅ ለጓዳ ነው' ሲሉኝ ነው ያደግሁት" አለን። "አልበሙን የምሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የአገሬ ሰው እንደኔ አድርጌ ስዘፍን ከሰማኝ እቀጥላለሁ። ካልሰማኝ ጊታሩን ለትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ክበብ ሰጥቼ ጠመኔዬን ብቻ እይዛለሁ።"

አምስት ሳምንት ቀረጽን። ድምፁ ዝቅ ያለ በመሆኑ ማይክራፎኑን ወደ አፉ ማቅረብ ግድ ሆነ፤ ሲቀርብ ደግሞ ትንፋሹ ይገባል። አያ ይመር ስስ የሻሽ ጨርቅ በሽቦ ክብ ላይ ወጥረው በመካከል አቆሙለት። የጊታሩ ክር በሙቀት እየላላ በየዘፈኑ ሁለት ጊዜ እንቃኘው ነበር። ሲያልቅ እንደ ልማዳችን የኑሩ ባጃጅ ላይ ወጣን። ሞተሩ ሲነሳ የፈንታው ድምፅ ጠፋ። ጊታሩ ብቻ እንደ ዝንብ ቀረ።

"ባዶ ነው እንዴ የጫናችሁት?" አለ ኑሩ ወደ ኋላ ዞሮ።

"አጥፋው ሞተሩን" አሉ አያ ይመር። ኑሩ መንገድ ዳር ቆመ፤ አንዱን ዘፈን እስከ መጨረሻው ሰማነው። ኑሩም ቁልፉን ሳይነካ ቆየ። "ይሄ ቆመው የሚሰሙት ነው" አሉ አያ ይመር። "ሁሉ ሥራ መስሚያ ቦታ አለው። ይሁን።"

እኔ ከዚያ ቀን የያዝኩት የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው፦ በባጃጅ እንደማይሰማ።

በዚያው ሰሞን የአያ ይመር ዓይን በሞራ ተሸፍኖ ለቀዶ ሕክምና ወልዲያ መሄድ ነበረባቸው። ክሩን በፍላሹ ላይ አስረው ሰጡኝ። "ሽፋኑን አሳትሙ፤ ዘነቡ እንዳለችው ከሠርግ ወር በፊት ይውጣ" አሉ። "ይቺን ክር ግን እንዳትፈታ።"

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ ደረስኩ። አልበሙ ከመውጣቱ በፊት ገበያውን ልፈትን ብዬ፣ በገበያ ቀን ክር የታሰረበትን ፍላሽ ይዤ እትዬ ዘነቡ ዘንድ ሄድኩና የጎሊናውን ዘፈን በሞንታርቦው ከፈትኩት። ሰው አለፈ፣ አገደመ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ቆሙ፤ ከዞብል ተራራ ግርጌ የሚመጡ ገበሬ ናቸው፤ አባ አራጋው መባላቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው። ሁለት እጃቸውን በዱላቸው አናት ላይ ደራርበው፣ አገጫቸውን በእጃቸው ላይ አሳርፈው ቆሙ። ዘፈኑ ተጀምሮ እስኪያልቅ እጃቸው ከዱላው አልተነሳም። ሲያልቅ አንድ ቃል ሳይናገሩ ሄዱ።

"አየኸው?" አሉ እትዬ ዘነቡ። "መምህሩ ጥሩ ልጅ ነው። ዘፈኑ ግን ለቅሶ ቤት የገባ እንግዳ ይመስላል፤ አያለቅስ፣ አይጫወት።"

ለፈንታው አዝኜ ነበር። ይህን የምጽፈው ራሴን ለማዳን አይደለም፤ ስህተቱ ከክፋት ቢመጣ ኖሮ ቀድሜ እነቃበት ስለነበር ነው። ካልተሸጠ ጊታሩን እንደሚተው አውቃለሁ። እጅ እንዴት እንደሚነሳም አራት ዓመት ተምሬያለሁ። ስለዚህ ከመናኸሪያው ተራ አስከባሪዎች አራቱን ጠራሁ፤ ሚኒባስ እየደበደቡ ሲያሰማሩ የሚውሉ፣ መዳፋቸው እንደ ከበሮ የሚሰማ ሰዎች ናቸው። በጆሮ ማዳመጫ ምቱን ብቻ ለቀቅሁላቸውና ለዘጠኙም ዘፈኖች አጨበጨቡ። ከሥር የከበሮ ድምፅ ደገፍኩበት። የፈንታውን ድምፅ ከጭብጨባው በላይ ለማውጣት ስገፋው ሻከረ፤ እሱንም አሳመርኩት ብዬ አሰብኩ። ሮቢት ፈተና ስለነበር ለፈንታው አልደወልኩም። እውነቱን ለመናገር፣ ፈተና ባይኖርም የምደውል አይመስለኝም። ሲሸጥለት ያመሰግነኛል ብዬ ነበር።

ኮምፒውተሩ በሠርግ ሥራ ሞልቶ ስለነበር ሲያልቅ የቀድሞውን ቅጂ ደመሰስኩት። አዲሱን ለእትዬ ዘነቡ የማደርስበት ባዶ ፍላሽ ፈለግሁ፤ አልነበረም። ነጩን ክር ፈታሁና፣ ፍላሹ ላይ ያለውን ደምስሼ አዲሱን ገለበጥኩበት። ክሩን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

አልበሙ ወጣ። የፈንታው ፎቶ ያለበት ሽፋን በመናኸሪያው አጥር፣ በጎብዬና በሮቢት ተለጠፈ። የመጀመሪያውን ሳምንት ሰው ለማወቅ ጓጉቶ አስጫነ። በሁለተኛው ሳምንት ቆመ። ሠርገኞች ከፍተውት ተነሥተው፣ ትከሻቸውን አዘጋጅተው ይጠብቃሉ፤ ዘፈኑ ግን አይነሳም። መልሰው ይቀመጣሉ። ፍርዱን ያሳጠረው ኑሩ ነው።

"ዳኛው፣ ይሄ ዘፈን ተነስ ይለኛል" አለ። "ስነሳ ደግሞ፣ ተቀመጥ፣ ምን አስቸኮለህ ይለኛል። አቦ፣ ወይ ያስነሳኝ ወይ ይተወኝ።"

ለጭፈራ የሚፈልገው ቀርፋፋ ነው አለ። በጸጥታ የሚያደምጠው ጫጫታ ነው አለ። እትዬ ዘነቡ በሦስተኛው ሳምንት ሽፋኑን ከበሩ ላይ አንስተው ወደ ውስጥ ለጠፉት፤ ከዚያ በኋላ የት እንዳደረሱት አልጠየቅሁም። ሮቢት ውስጥ የሆነው ከሁሉ የከፋ ነበር። ፈንታው ጀርባውን ሰጥቶ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ተማሪዎቹ ከኋላ ቀስ ብለው ያጨበጭባሉ፤ ሲዞር ያቆማሉ።

አንድ ቅዳሜ ወደ ስቱዲዮ መጣ። ጊታሩን አልያዘም። ቆሞ ነው ያናገረኝ።

"የሚያጨበጭቡት እነማን ናቸው?" አለኝ።

"የመናኸሪያ ተራ አስከባሪዎች ናቸው።"

"ዘፈኑን ሰምተውት ነው ያጨበጨቡት?"

"አይ። ምቱን ብቻ ነው ያሰማኋቸው።"

ራሱን ነቀነቀ፤ ተማሪ ትክክለኛ መልስ ሲሰጠው የሚነቀንቀው ዓይነት። "እንግዲያው እነሱም አልሰሙኝም" አለ። ጊታሩን ለክበቡ እንዳስረከበ ነግሮኝ ሄደ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን እትዬ ዘነቡ በሰው አስጠሩኝ። ሱቁ በር ላይ እኚያ ሽማግሌ፣ አባ አራጋው፣ የሴት ልጃቸውን ስልክ በመሐረብ ጠቅልለው ይዘው ቆመዋል።

"ያን ቀን ያሰማኸኝን ዘፈን ጫንልኝ" አሉኝ። "የእኔ ስልክ ሜሞሪ አይቀበልም። የልጄን ለማምጣት ነው የሄድኩት፤ ጎርፍና አዝመራ ይዞኝ ዘገየሁ።"

እትዬ ዘነቡ እኔን አዩኝ፤ እኔ መሬት አየሁ። አልበሙን ከፈትኩላቸው። ጭብጨባው ሲጀምር ዱላቸውን አነሱ።

"ይሄ አይደለም" አሉ።

"እሱው ነው፣ አባቴ። ጭብጨባ ገብቶበት ነው።"

"ልጄ፣ እኔ ጎሊና ዳር ቆሜ አውቃለሁ" አሉኝ። "ሰው ማዶ ቆሞ እያየህ፣ ውሃ በመካከል እየሄደ፣ ማን ያጨበጭባል? ያኛውን ስጠኝ።"

ያኛው የለም ማለት ነበረብኝ፤ ነገርኳቸው። እትዬ ዘነቡ የዚያን ቀን ሌላ ደንበኛ አላስተናገዱም። "ከካሴት ዘመን ጀምሮ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው እጅ ሳይ" አሉ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው። "ቀጥ ብሎ የቆመ እጅ ምን እንደሚል ሳልጠይቅ።"

አያ ይመር ወረፋ ሲጠብቁ ከከረሙበት ከወልዲያ አንድ ዓይናቸው እንደተሸፈነ ተመለሱ። አልበሙን ሰሙ፤ ሲሰሙ መዳፋቸውን ከግድግዳው አነሱ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍተው በእጃቸው ዳሰሱ።

"የመጀመሪያዋስ?"

ክሩን ከኪሴ አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ፤ ፈንታውና ሽማግሌው ያሉኝንም ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ በጣታቸው ሲያሻሹት ቆዩ። ከዚህ ሥራ ያባርሩኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን፣ "ሽማግሌው መቼ ነው የሚመጣው?" አሉኝ።

"ለገበያ፣ በሳምንቱ።"

"እንግዲያው ሮቢት ሂድ። አልሰሙኝም ያለህን ሰው፣ አንድ የሰማህ አለ በለው። ይቅርታህን ከዚያ በኋላ አድርሰው፤ ወላሂ፣ ከፊት ካስቀደምከው የራስህን ጉዳይ ይዘህ የሄድክ ነው የሚመስለው።"

ሄድኩ። ፈንታውን የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ደብተር እያረመ አገኘሁት። የአባ አራጋውን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩት፤ "ማን ያጨበጭባል" ያሉትን፣ ስለ ልጃቸው ስልክም። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "አንድ ሰው" አለ። "አንድ ሰው ነው" አልኩት። ከዚያ ይቅርታዬን ጠየቅሁ። ተነሣና ወደ ሚኒ ሚዲያው ክፍል ገብቶ ጊታሩን በውሰት አስፈርሞ ወጣ። የራሱን ጊታር።

በገበያው ቀን ከዙህር በኋላ አባ አራጋውን ወደ ስቱዲዮ አስገባናቸው። ጆንያ ለጆንያ የተደረደረውን ጭድ አይተው፣ "ለበሬ ነው ለሰው?" አሉ። "ለሁለቱም ይሆናል" አሏቸው አያ ይመር፤ አንዱን ጆንያ ከግድግዳው አውርደውም መቀመጫ አደረጉላቸው። ሽማግሌው እጃቸውን በዱላቸው ላይ ደራርበው ተቀመጡ። ፈንታው ከፊታቸው ተቀመጠ። እኔ የመቅረጫውን ቁልፍ ተጭኜ እጄን ጉልበቴ ላይ አኖርኩ። አያ ይመር ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባቸውን አልሰጡም፤ በአንዷ ዓይናቸው ሽማግሌውን ያዩ ነበር።

ፈንታው ዘፈነ። እንደ ቀድሞው አልነበረም፤ ድምፁ መጀመሪያ ላይ ተንቀጠቀጠ፣ ጊታሩም በሙቀት ትንሽ ላልቶ ነበር። "ዝም ብዬ አይሻለሁ" ያለበት ላይ ግን ጸና። ሲያልቅ ውጭ አንድ አህያ አናፋ። አባ አራጋው አገጫቸውን ከእጃቸው ላይ አነሱ።

"ድገመው እስኪ፣ ልጄ" አሉ።

ፈንታው ወደ እኔ ዞረ። "እየቀረጽክ ነው?"

"አዎ።"

"እሳቸው ያሉትንም?"

"እሳቸው ያሉትንም።"

ደገመው። ከዚያ ሌሎቹን ስምንቱንም ዘፈነ፤ ሽማግሌው ገበያቸው እስኪያመልጣቸው ተቀመጡ። ከዚያ ቅጂ ምንም አላወጣሁም፣ ምንም አልጨመርኩበትም፤ አህያውም አለበት። እትዬ ዘነቡ ሰምተው የሽማግሌውን ድምፅ እንድቆርጠው ጠየቁኝ፤ "ሰው ስህተት ይመስለዋል" አሉ። እምቢ አልኩ። በአራት ዓመት ቅጥርና በሰባት ዓመት ጉርብትና እምቢ ያልኳቸው በዚያ ቀን ብቻ ነው። ፍላሹን አያ ይመር በዚያው ነጭ ክር ራሳቸው አሰሩት።

አልበሙ ሁለተኛ ወጣ። ገበያውን ገለበጠው አልልም፤ በሠርግ ቤት ዛሬም አይከፈትም። ነገር ግን በገበያ ቀን ወደ ሱቁ የሚመጡ ሰዎች የአልበሙን ስም ትተው፣ "ሽማግሌው ድገመው የሚልበትን ጫኚልኝ" ይላሉ። እትዬ ዘነቡም የቆመ እጅ ሲያዩ አሁን፣ "ቆይ፣ አትቸኩሉበት" ይላሉ። ፈንታው ጊታሩን ለክበቡ አልመለሰም፤ የፈረመበት የውሰት ወረቀት እዚያው ሳይሰረዝ አለ፤ ርዕሰ መምህሩም አይጠይቁትም።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ያህል ሠራሁ። የተውኩት ራሴን ለመቅጣት አይደለም። ግን አንድ ድምፅ ስሰማ ጣቴ ወደ ቁልፉ ሲነሳ፣ ምን እንደጎደለው ለመወሰን ሲቸኩል እታዘበዋለሁ። የችሎት ቅጂ ገልባጭ ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ ሲለጠፍ፣ የሥራ ዝርዝሩ ውስጥ "ሳይጨምርና ሳይቀንስ" የሚል ሐረግ አነበብኩና አመለከትኩ። እትዬ ዘነቡ ሲሰሙ፣ "ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ሹመቱ ነው የዘገየው" ብለው ለመናኸሪያው ሁሉ ነገሩ።

የምሠራበት ክፍል መስኮት በመንገዱ በኩል ነው። ባለፈው ሳምንት የአንድ ምስክር ቃል እየገለበጥኩ ሳለ፣ ኑሩ ባጃጁን ከመስኮቱ ሥር ካለው ጥላ አስጠግቶ ሞተሩን አጠፋ። ዘፈኑን ከፍቶት ነበር። ቅጂውን አቁሜ የጆሮ ማዳመጫዬን አወለቅሁ። ሽማግሌው "ድገመው እስኪ፣ ልጄ" እስኪሉ አደመጥኩ፤ ፈንታው ደገመው፤ ኑሩ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

ማዳመጫውን መልሼ አደረግሁና ካቆምኩበት ቀጠልኩ። ምስክሩ ለተጠየቀው ከመመለሱ በፊት ረጅም ዝምታ ነበረው። እጄን ከፊደል ገበታው ላይ አነሳሁና እስኪናገር ጠበቅሁ።